በኋላ በር በኩል ሁለት ምት

ጋሽ ገብረኪዳን የሞቱት የአዋሽ ማዶ የከተማ አውቶቡስ ድርጅት አሥራ አምስተኛ ዓመቱን ሊያከብር ድንኳን በተከለበት ጠዋት፣ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ሲጠግኑት በኖሩት አንድ ቁጥር አውቶቡስ ሥር ነው። ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ይደረደራል፣ ድምፅ ማጉያው ይፈተሻል፣ የአዳማ ነፋስ ደግሞ እንደ ልማዱ አቧራውን እያነሳ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ይበትነዋል። ከድንኳኑ ጀርባ ባለው ጋራዥ ግን አውቶቡሱ አንድ እርምጃ ያህል ወደ ፊት ሄዶ ቆሟል። ከኋላው ግራ ጎማ አጠገብ የሽማግሌው እግሮች ወጥተው ይታያሉ። አንደኛው ጫማቸው ወልቋል።

መሪው ላይ የነበረው ሹፌሩ ጉርሜሳ ነው። ሰው ሲጮኽ ወረደ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ከዚያ ሄዶ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። አላለቀሰም። ማልቀስ ፈልጎ ነበር፤ ጋሽ ገብረኪዳን መንጃ ፈቃድ ሳያወጣ ይህንኑ መሪ ያስያዙት፣ ሲያገባ ሽማግሌ ሆነው የሄዱለት፣ አባቱ ሲሞት የልቅሶውን ድንኳን ቆመው ያስተከሉለት ሰው ናቸው። ውስጡን ቢፈትሸው ግን ምንም አላገኘም። እጆቹን አያቸው፤ የራሱ እጆች ናቸው፤ ቢሆንም የሌላ ሰው ዕቃ እንዲጠብቅ የተሰጠው ይመስል ጭኑ ላይ አስቀምጧቸዋል።

ፖሊስ ሲደርስ ጥያቄ አልጠበቀም።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለ። ቀጣዩ ፌርማታ የት እንደሆነ የሚናገር እንጂ ይህን የሚናገር ሰው ድምፅ አልነበረም።

ወጣቱ ፖሊስ ካቴናውን ሲያወጣ ከኋላው የመጣችው ሴት በእጇ ምልክት አስቆመችው። ኢንስፔክተር ዙለይካ ትባላለች። አጭር ናት፤ ጥቁር ሻሽ ታስራለች፤ ስትጠይቅ የሰው ፊት ሳይሆን የሰው እጅ ታያለች። አዳማ ውስጥ ጉዳይ ገጥሞት ጣቢያ የተመላለሰ ሁሉ ያውቃታል፤ የሚወዳት ግን ጥቂት ነው።

«ስምህ ማነው?»

«ጉርሜሳ።»

«እንዴት ገደልካቸው፣ ጉርሜሳ?»

«የኋላውን ፍሬን እያስተካከሉ ነበር። እኔ ሞተር አስነስቼ፣ የፍሬኑ አየር እንዲሞላ እየጠበቅኩ ነው። ከሥር ሆነው ብረቱን በብረት ይመታሉ። አንድ ምት ያዝ ነው፤ ሁለት ምት የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ ነው። ሁለቴ ሲመታ ሰማሁ። ለቀቅኩ። አውቶቡሱ ሄደ።»

«በዚህ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ሰማህ?» ድምፅ ማጉያው እስካሁን አልጠፋም ነበር።

«በጆሮዬ አይደለም፤ በጀርባዬ ነው። ወንበሩ ላይ ይሰማል።»

«ታኮስ? ጎማው እንዳይንከባለል ሥሩ ታኮ አይደረግም?»

«እሳቸው የኋላ ቀኝ ጎማ ላይ ታኮ ሳያደርጉ ሥር ገብተው አያውቁም። ዛሬ ግን የለም። ረስተው ይሆናል። ወርጄ ማየት ነበረብኝ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ አውቶቡሱ ወጣች። ሬሳው ተነስቷል፤ ከዚያ በቀር ማንም ምንም አልነካም። አንድ ቁጥር ለበዓሉ አጊጧል፤ የቀኙን የጎን መስታወት ጥብጣብ ጠቅልሎታል፤ መሪው ላይ ደግሞ ያረጀ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። ጎንበስ ብላ ማርሹን አየች። ከዚያ በመስኮት ጠራችው።

«ይሄ ቀይ ጨርቅ የበዓል ጌጥ ነው?»

«አይደለም። ጋሼ የሚጠግኑት አውቶቡስ መሪ ላይ ያስሩታል። ጨርቅ ያለበት አውቶቡስ አይንቀሳቀስም። ከእሳቸው በቀር የሚፈታው የለም፤ ሥራ አስኪያጅም ብትሆን።»

«ጨርቁ እንደታሰረ ነው። ታዲያ ማርሹ ለምን አንደኛ ላይ ገባ?»

ጉርሜሳ ከጎማው ላይ ተነስቶ ቀረብ አለ። የማርሹን ዘንግ አየው። ፍሬን ለማስተካከል ማርሽ አያስፈልግም፤ ዜሮ ላይ ነው የሚቆመው፤ ይህን ከእሱ ይበልጥ የሚያውቅ የለም።

«እንጃ» አለ።

«አንተ አስገባኸው?»

«ከእኔ ሌላ ማንም አልነበረም።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

«አላስታውስም» አለ ጉርሜሳ። እውነቱን ነው። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ፤ እስር ቤቱን ሳይሆን ራሱን። ሳያውቅ ሰው የሚገድል ሰው ነገም ሳያውቅ ይገድላል። የእጅ ፍሬን መልቀቅ የታዘዘ ሥራ ነው፤ ጋሼ ላይ ማርሽ አስገብቶ መንዳት ግን ምን ይባላል?

«ካቴናውን መልሰው» አለች ኢንስፔክተሯ ለወጣቱ ፖሊስ። «ከእኔ ጋር ይዞራል።»

አብረው በአውቶቡሱ ቀኝ በኩል ዞሩ። ከጥገና ሳይወጣ አይታጠብም፤ ይህም የጋሽ ገብረኪዳን ሕግ ነው፤ ስለዚህ ላሜራው ሁሉ አቧራ ለብሷል። ከኋላ በር አጠገብ፣ ቆሞ እጁን የዘረጋ ሰው የሚደርስበት ቦታ ላይ ግን፣ የሣህን ያህል ስፍራ ተወልውሎ ያብለጨልጫል። ኢንስፔክተሯ ጠጋ ብላ አየችው። ወደ ግድግዳው ሄዳ በተርታ ከተሰቀሉት የእንጨት ታኮዎች አንዱን አወረደች፣ ገልብጣ አየችው፣ መለሰችው። ሁለተኛውን አወረደች። ሦስተኛው ላይ ቆመች።

«ግቢው ጠዋት ውሃ ተረጭቷል?»

«በዓል ነው ተብሎ ተረጭቷል። አቧራው እንግዳ እንዳያበላሽ።»

የታኮው ሥር እርጥብ ቀይ ገረጋንቲ ይዟል። የቀሩት ደርቀዋል፤ ሸረሪት ያደራባቸውም አሉ።

«እንግዲህ አልረሱም» አለች። «አድርገውት ነበር። አንድ ሰው አንስቶ፣ እንደ ንብረት ተቆጣጣሪ፣ ቦታው ላይ ሰቀለው። አንተ መሪ ላይ ነህ፤ እሳቸው ከሥር ናቸው። ስለዚህ ሦስተኛ ሰው ነበረ።»

ይህን የሰማ ሌላ ሰው እፎይ ይል ነበር። ወደ ጉርሜሳ ውስጥ ግን ቃሉ አልዘለቀም፤ ማርሹን ያስገባው ሦስተኛው ሰው አይደለምና።

መጀመሪያ የመጣው ረዳት መካኒኩ ምልኬሳ ነው። የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ የመኪና ቅባት የሆነውን ግራሶ ከእጁ ሊያስለቅቀው እየሞከረ ሱሪው ላይ ይጠርገዋል።

«የት ነበርክ?»

«ግራሶ አምጣ ብለውኝ መጋዘን ሄጄ ነበር። ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«ከእሳቸው ጋር ትናንት ተጣልታችኋል ይባላል።»

ምልኬሳ ጉርሜሳን ሰረቅ አድርጎ አየው። «ተጣልተናል። አንድ ቁጥር ለበዓሉ ሰልፍ ይድረስ ተብሏል፤ እኔ ይደርሳል አልኩ፤ እሳቸው ፍሬኑ ሳይስተካከል ጨርቁን አልፈታም አሉ። ‹አንተ ለመካኒክነት ሳይሆን ለሹመት ነው የተማርከው› አሉኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ኢንስፔክተር፣ ሌሊቱን ይቅርታ ልጠይቅ ሳስብ ነው ያደርኩት። ጠዋት ልጀምር ስል ግራሶ አምጣ ብለው ላኩኝ።»

ከእሱ ቀጥሎ ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ጤናዬ መጡ። ለበዓሉ የለበሱት ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ላይ ጥቁር ነጠላ ከየት እንዳገኙ አይታወቅም፣ ጣል አድርገዋል። ቢጠየቁም ባይጠየቁም የድርጅቱን ታሪክ የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«ይህ አውቶቡስ ተራ አውቶቡስ አይደለም» አሉ። «ከተማው በጋሪና በባጃጅ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ መምህሩ፣ ነጋዴው፣ ሹፌሩ አዋጥቶ ነው የገዛው። ጋሽ ገብረኪዳን ናቸው ከሞጆ ደረቅ ወደብ ተቀብለው ያመጡት። የመጀመሪያው ሹፌር ይኸው ጉርሜሳ፣ ትኬት ቆራጩ ዛሬ የስምሪት ኃላፊ የሆነው ታጠቅ ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ሰልፉን ሌላ አውቶቡስ ይምራው እንዴት ይባላል?»

«ስለዚህ ይውጣ ብለዋል።»

«ብያለሁ። ግን እሳቸው እሺ ሲሉ ነው ያልኩት። ጨርቁን ማን ይደፍራል?»

«በዚያ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ማይክራፎኑን እየሞከርኩ ነበር» አሉ ወይዘሮ ጤናዬ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «ጩኸቱ ሲሰማ ‹እንኳን ደህና መጣችሁ› እያልኩ ነበር።»

ግቢው በሙሉ ሰምቷቸዋል። ጉርሜሳም መሪው ላይ ሆኖ ሰምቷቸዋል፤ አሁን ትዝ አለው፤ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ከዚያ ሁለት ምት።

ትኬት ሻጯ የሺዓለም ወንበር ከምትደረድርበት ተጠርታ መጣች። ባሏ ነጋሳ የድርጅቱ ሹፌር ነበር፤ ያለፈው ዓመት ወደ ወንጂ መውረጃ ላይ ስድስት ቁጥር ፍሬን አጥቶ ሲገለበጥ ከመሪው ጋር ሞቷል። ጥፋቱ የሹፌሩ ነው ተብሎ ፋይሉ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሰዎች የሚያነጋግሯት ዝቅ ባለ ድምፅ ነው፤ እሷ ደግሞ ይህን ከስድብ ይበልጥ ትጠላዋለች።

«ጋሽ ገብረኪዳንን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አየሻቸው?»

«ጠዋት። ጠሩኝና ‹የሺ፣ ዛሬ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጪ› አሉኝ። ‹ስድስት ቁጥር መሪ ላይ ጨርቅ አስሬ ነበር። ማን እንደፈታው በድምፅ ማጉያ እናገራለሁ። የነጋሳን ስም ዛሬ እመልስልሻለሁ› አሉኝ። ለምን እስከ ዛሬ ዝም እንዳሉ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር። አልጠየቅኩም። ሲያለቅሱ አይቼ ተውኩ።»

«ስሙን ነገሩሽ?»

«አልነገሩኝም። ከመድረክ ስሚው አሉኝ።»

«አንቺስ ይህን ለማን ተናገርሽ?»

የሺዓለም አንገቷን ደፋች። «ለወይዘሮ ጤናዬና ለታጠቅ። ፕሮግራሙ ላይ እንዲያስገቧቸው ብዬ። ደስ ብሎኝ ነው የነገርኳቸው።»

ታጠቅ ሳይጠራ መጣ። በእጁ የውሃ ጠርሙስ ይዟል። ለኢንስፔክተሯ ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ጠርሙሱን ከፍቶ ለጉርሜሳ ሰጠው፤ ትከሻውንም ያዝ አደረገው። ጉርሜሳ ጠጣ፤ ውሃው ጣዕም የለውም። ታጠቅ ሚዜው ነው። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል አጠገቡ ቆሞ እጁን ያሳረፈበት እሱ ብቻ ነው።

«ኢንስፔክተር፣ ይህ ልጅ ራሱ ላይ የሚናገረውን አይስሙት» አለ። «አደጋ ነው። ሽማግሌው አርጅተዋል፤ ታኮ ረስተዋል። ፍርድ ቤት ቀርቤ እመሰክርለታለሁ። አብረን ነው እንጀራ የበላነው።»

«የት ነበሩ፣ አቶ ታጠቅ?»

«ቢሮ። የዛሬውን ስምሪት እያስተካከልኩ። ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ።»

«ሞቃት ነው ዛሬ» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አዳማ ምን ጊዜ ይበርዳል?»

«ጃኬትዎን እስከ አንገትዎ ስለዘጉት ነው።»

ታጠቅ ፈገግ አለ። «የድርጅቱ የደንብ ልብስ ነው። በዓልም አይደል?» ግንባሩ ላይ ላብ ወርዶ ቅንድቡ ላይ ቆሟል።

ከሰዓት በኋላ ድምፅ ማጉያው ጠፋ። ኢንስፔክተሯ አምስቱንም ጋራዥ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አንድ ቁጥር ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማርሹ ወደ ዜሮ ተመልሶ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ ጎማዎቹ በሙሉ በታኮ ተይዘው ቆሟል። ጉርሜሳን መሪው ላይ አስቀመጠችው።

«ዞር ብለህ አትይ። ምንም አታስብ። የምትሰማውን ብቻ ስማ።»

«አሁን የሚታሰብ ነገርም የለኝም» አለ ጉርሜሳ።

ምልኬሳን ከሥር አስገባችው። ብረት በብረት ላይ ሁለቴ ጮኸ፤ ቀጭን ድምፅ ነው፣ ጥርስ ውስጥ የሚገባ። የጉርሜሳ ቀኝ እጅ ወደ እጅ ፍሬኑ ሄደ፣ ለቀቀ፣ ወደ ጭኑ ተመለሰ። እግሮቹ አልተነቃነቁም።

«አያችሁ?» አለች ኢንስፔክተሯ። «የጋሽ ገብረኪዳን ምልክት ሲመታ ይህ ሰው የሚያደርገው ይህን ብቻ ነው። ማርሽ አይነካም። ዛሬ ጠዋት ግን ቀዩ ጨርቅ ዓይኑ ሥር ታስሮ ማርሽ አስገብቷል። አስቦበት ቢሆን ጨርቁን ይፈታ ነበር፤ ወይም ቢያንስ ማስገባቱን ያስታውስ ነበር። አላሰበም። ከሐሳቡ በፊት እግሩ ታዘዘ። እግሩን ያዘዘው ማነው?»

ወደ ቀኝ ጎን መራቻቸው፤ ወደዚያች ወደተወለወለችው ስፍራ።

«ከተማ አውቶቡስ ላይ ሹፌርን ‹ሂድ› የሚለው ማነው? ሰው ተሳፍሮ ሲያልቅ፣ የኋላ በር ላይ የቆመው ትኬት ቆራጭ በመዳፉ ላሜራውን ሁለቴ ይመታል። ሹፌሩ ዞር ብሎ አያይም። መታ መታ ሲል ፍሪሲዮን ይረገጣል፣ ማርሽ ይገባል። ጉርሜሳ ሁለት ምት ሰማሁ ያለው ዋሽቶ አይደለም። በጀርባዬ ሰማሁ ብሎኛል። ብረቱ ከሥር ቢመታ ኖሮ በእግሩ በኩል ይመጣ ነበር። የመጣው ከላሜራው ነው፣ ከዚህ። የመታው ሰው አቧራው ላይ መዳፉ ቀርቶ ስላየ ወለወለው። አቧራ በለበሰ አውቶቡስ ላይ አንዲት ንጹሕ ቦታ ብቻ መተው ግን ከመዳፍ አሻራ አይሻልም።»

ወይዘሮ ጤናዬ ነጠላቸውን ጨበጡ።

«አሁን እያንዳንዳችሁ ‹ሂድ› በሉት። ሁለት ምት።»

ወይዘሮ ጤናዬ የቢሮ በር እንደሚያንኳኩ በጣታቸው መገጣጠሚያ መቱ። መሪው ላይ ምንም አልተነቃነቀም። ምልኬሳ በጡጫ መታ፤ ምንም። የሺዓለም ትኬት ሻጭ ናት፤ ግን በአዲሶቹ አውቶቡሶች ነው የሠራችው፤ በቀለበቷ የበሩን ብረት ቀጭ ቀጭ አደረገችው። የጉርሜሳ ጭንቅላት ትንሽ ቀና አለ፤ እግሩ ግን ባለበት ቀረ።

ታጠቅ በጣቶቹ ጫፍ ነካ ነካ አደረገው።

«አየህ» አለችው ኢንስፔክተሯ፤ እርስዎ ማለቷን ትታለች። «ሌላው ሁሉ እንደራሱ መታ። ዘጠኝ ዓመት በዚህ በር ላይ ቆሞ የኖረ አንተ ብቻ፣ አውቶቡስ ነክቶ እንደማያውቅ ሰው መታህ። ጃኬትህን ክፈተው።»

«ይሄ ምን የሚሉት—»

«ክፈተው።»

ወጣቱ ፖሊስ አንድ እርምጃ ቀረበ። ታጠቅ ዚፑን አወረደው። ከሥሩ ለበዓሉ የለበሰው ነጭ ሸሚዝ አለ፤ የቀኙ እጅጌ ጫፍ ላይ ቀይ ገረጋንቲ ደርቆ ተጣብቋል።

«ታኮው ከኋላ ቀኝ ጎማ ሥር ነበር፤ እርጥብ መሬት ላይ» አለች። «እሱን ለማውጣት ቁጢጥ ማለት ያስፈልጋል። እዚያ ቁጢጥ ያለ ሰው ከማዶ በኩል የተኛውን ሰው ያያል። ስለዚህ አላየሁም ማለት አይቻልም። አይተህ፣ ታኮውን አውጥተህ፣ ቆመህ መታህ። የሺዓለም ጠዋት የነገረችህን ሰምተህ ነው። ያለፈው ዓመት ስድስት ቁጥር ላይ የታሰረውን ጨርቅ ፈትተህ ነጋሳን ያሰማራኸው አንተ ነህ። አውቶቡስ ጎደለኝ ብለህ ይሆናል፤ አላውቅም። ሽማግሌው የዓመት ዝምታቸው ስለከበዳቸው ዛሬ ሊናገሩ ነበር። ጉርሜሳን የመረጥከው ደግሞ ስለምትጠላው አይደለም። እጅህ ሲመታ እንደሚሄድ የምታውቀው እሱን ብቻ ስለሆነ ነው።»

«ጥፋቱ የእሱ ይሆንስ ብዬ ነው የኖርኩት» አለች የሺዓለም በቀስታ፤ ለማን እንደምትናገር አይታወቅም። «ፍሬኑን አላየም ይሆን እያልኩ። ነጋሳን ሳማው ነው የከረምኩት።»

«ሸሚዝ ሁሉም ቦታ ይቆሽሻል» አለ ታጠቅ፤ እሱ ራሱ ያላመነው መሆኑ ግን ከድምፁ ያስታውቃል።

በዚህ ጊዜ ከሹፌሩ ወንበር ድምፅ መጣ።

«ታጠቅ።»

ጉርሜሳ ዞር አላለም። እንደታዘዘው ፊት ለፊት እያየ ነው።

«አቤት ጉርሜ።»

«ምታ።»

«ምኑን?»

«እንደ ድሮው ምታ። ለይቼ ልወቀው። ከጠዋት ጀምሮ ስለራሴ የማውቀው ነገር የለም።»

ነፋሱ የጋራዡን ቆርቆሮ አንኳኳ። ታጠቅ ላሜራውን አየው። ኢንስፔክተሯን አላያትም፤ ካቴናውንም አላየም። እጁ ተነሳ፤ ያነሳው ልማዱ ይሁን ጸጸቱ እሱም የሚያውቀው አይመስልም። በመዳፉ ሁለቴ መታ፤ ፈጠን ያለ፣ ሙሉ፣ ከወፍራም ላሜራ የሚወጣ ድምፅ፤ ፖስታ ቤት አጠገብ፣ ገበያው ጥግ፣ በየፌርማታው ዘጠኝ ዓመት የተሰማ።

የጉርሜሳ ግራ እግር ፍሪሲዮኑን ረገጠ። ቀኝ እጁ ማርሹን ወደ አንደኛ ጣለው። ብረቱ ሲገባ የሰጠውን ድምፅ ሁሉም ሰሙት። ከዚያ በኋላ ነው ጉርሜሳ የገዛ እጁን ዝቅ ብሎ ያየው።

«እንግዲህ ይሄ ነው» አለ።

ታጠቅ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ተቀመጠ። «ይፈቱሃል ብዬ ነበር» አለ። «ጉርሜ፣ አደጋ ነው ተብሎ ይፈቱሃል። እኔ ራሴ ጠበቃ ላቆምልህ አስቤ ነበር። ልጆችህን አያለሁ ብዬ ነበር። ሽማግሌው ከዚህ ወዲያ ዝም አልልም አለኝ። ለመንኩት። ዓመት ሙሉ ለመንኩት።»

«ለእኔ ውሃ ሰጠኸኝ» አለ ጉርሜሳ። ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢመጣለት ደስ ይለው ነበር፤ የሚይዘው ነገር ያገኝ ነበር።

ወይዘሮ ጤናዬ አለቀሱ። ምልኬሳ ከአውቶቡሱ ሥር ያነሳውን የጋሽ ገብረኪዳንን የወለቀ ጫማ ይዞ ቆሟል፤ የት እንደሚያስቀምጠው ጨንቆታል። የሺዓለም ግን ወደ አውቶቡሱ ወጣች፣ ቀዩን ጨርቅ በጣቷ ነካችው፣ ልትፈታው ይመስል ነበር፤ ተወችው።

«እንደታሰረ ይቆይ» አለች። «እሳቸው አልፈቱትም።»

«የነጋሳ ፋይል ነገ ይከፈታል» አለቻት ኢንስፔክተሯ። «ቃልሽን ጠዋት መጥተሽ ትሰጪያለሽ።»

«በድምፅ ማጉያ ነበር የሚናገሩት» አለች የሺዓለም።

ኢንስፔክተሯ ወደ ሥራ አስኪያጇ ዞረች። «እሱንም ወይዘሮ ጤናዬ ያደርጉታል» አለች፤ ወይዘሮ ጤናዬም እያለቀሱ ራሳቸውን ነቅንቀው እሺ አሉ።

ጉርሜሳ ከአውቶቡሱ ወርዶ ግቢው መሃል ቆመ። ድንኳኑ አልፈረሰም፤ የበዓሉ ድንኳን ለልቅሶው እንዲሆን ተወስኖ ጥብጣቡን እያነሱት ነው። ኢንስፔክተር ዙለይካ አጠገቡ መጣች።

«ነፃ ነህ» አለችው። «አልገደልካቸውም። ይህን ደጋግመህ ለራስህ ንገረው፤ ቶሎ አያምንህም።»

«እግሬ ነው የረገጠው፣ ኢንስፔክተር።»

«እግርህ ያመነው ሰው ነው ያታለለው።»

ጉርሜሳ አንገቱን ነቀነቀ። ትክክል መሆኗን ያውቃል። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ፣ ጋሼ ሲቀበሩ፣ ምናልባት ያለቅሳል። አሁን ግን ከጠዋት ጀምሮ እንደነበረው ነው፤ የሚሰማው ነገር የለም።

ታጠቅን በካቴና አምጥተው ከፖሊስ ፒካፑ ጀርባ ላይ አስቀመጡት። ጉርሜሳን አላየውም። ወጣቱ ፖሊስ ከኋላ ዘሎ ወጣ፣ የጀርባውን በር ቆለፈ፣ ሹፌሩን ሂድ ለማለት ላሜራውን በመዳፉ ሁለቴ መታ።

ግቢው መሃል፣ ከየትኛውም መሪ ርቆ፣ የጉርሜሳ ግራ እግር መሬቱን ረገጠ። ጉርሜሳ እግሩን አየው፤ ፒካፑም ከበሩ ወጣ።